ማይኩ የሰማው

ዶሮ ሻጯ ዶኛ ኤውፌሚያ ከሚዛኑ ጎን ያቆመችው ሬዲዮ ስለ ባራንቴስ ማውራት ሲጀምር፣ ኔሊዳ ለሾርባ የሚሆን የዶሮ እግርና አንገት እየተመዘነላት ነበር። ከነጋ ጀምሮ የሚያካፋው የሊማ ክረምት የገበያውን የሸራ ጣራ አርሶ በየቀዳዳው ይንጠባጠባል። የሬዲዮው ሰውዬ ግን ለሱ ብቻ ፀሐይ የወጣ ይመስል ድምጹን ከፍ አድርጎ ያወድሳል። ሟቹ ባራንቴስ፣ «የኮረብታው መብራቶች» የተባለው ባንድ መሥራች፣ «ያላለቀ ደረጃ» የተሰኘው ዜማ ደራሲ፣ በመጪው ሳምንት ከኮረብታው ሥር ያለው አደባባይ በስሙ ሊሰየምለት ነው። የነሐስ ጽሑፍ ይመረቃል፤ ሁለት ባንዶች ይጫወታሉ፤ ሕዝቡ ተጋብዟል። ከዚያ ዜማውን ለቀቁት። መጀመሪያ ጊታሩ ብቻውን ይገባል፣ ከበሮው ኋላ ነው የሚደርስበት። ኔሊዳ ያንን ጊታር በእንቅልፍ ልቧ እንኳ ለይታ ታውቀዋለች። በሁለተኛው ዙር ላይ ክሩን ይዞ ቁልቁል የሚንሸራተተው ጣት የአባቷ ጣት ነው። ዜማውም የአባቷ ነው።

«ደንበኛዬ፣ አባትሽ ከዚህ ሰውዬ ጋር አልነበር እንዴ የሚጫወተው?» አለች ዶኛ ኤውፌሚያ።

«ነበር።»

«እንኳን ደስ ያለህ በይልኝ። ከትልቅ ሰው ጋር መዋል ቀላል ነገር አይደለም።»

«ዜማውን የሠራው እኮ አባቴ ነው።»

ዶኛ ኤውፌሚያ ቢላዋዋን በሽርጧ ጠረገች። «ውይ እናቴ! የኔም ባል ስታዲየሙን የሠራሁት እኔ ነኝ ይላል። አሸዋ ነበር የሚያቀብለው።» ከኋላ የተሰለፉት ሴቶች ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ ቅዳሜ ነው፣ ብርድ ነው፣ ሰው የሚስቅበት ነገር ይፈልጋል። «አይዞሽ፣ አንድ አንገት ልጨምርልሽ» አለችና ጨመረችላት። ኔሊዳ አመስግና ከረጢቷን ተቀበለች። አባቷ ስለዚያ ዜማ «የኔ ነው» ከማለት በቀር አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። መቼ ሠራው፣ የት ሠራው፣ ለማን ሠራው፣ ባራንቴስ ስም ሳያወጣለት በፊት የዜማው ስም ማን ነበር፣ ሲጠየቅ ጊታሩን ይቃኛል። በዚያ ዘመን ደንቡ ይኸው ነበር። የባንዱ መሣሪያና መኪና የማን ነው፣ ዜማውም የሱ ነው። ሸክላው ላይ የሚታተመው የባለቤቱ ስም ነው፤ ጊታር መቺው የሌሊቱን አበልና አንድ ሰሃን ሩዝ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አልቅሶ የከሰሰ አልነበረም። ሁሉም እንደዚያ ስለሆነ ማንም በደል ብሎ አልጠራውም።

ቤታቸው ኮረብታውን ከሚወጣው ደረጃ ጫፍ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀር በግራ በኩል ነው፤ ታች ብሎኬት፣ ላይ ጣውላና ቆርቆሮ። ኔሊዳ ስትገባ አባቷ ኢላሪዮ ታይፔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ደግፎ አየር ይስብ ነበር። ሳንባው ደርቋል። ቀን ቀን በመኪና ቀለም ቤት ሲረጭ የኖረው ቀለምና ሌት ሌት በዳንስ ቤት የዋጠው ጭስ ተባብረው አደረቁት። ሐኪሙ የራጁን ፊልም መብራት ላይ ሰቅሎ ሲያሳያት ደመና ነው ያየችው። ስንት ሳምንት ደጅ ከተጠና በኋላ በመጨረሻ ሐኪም ቤት አልጋ ተገኝቶለታል፤ ነገ እሁድ ጠዋት ይገባል። የሚይዘው ልብስ ወንበሩ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል፦ ፒጃማ፣ ሁለት ካልሲ፣ ፎጣ፣ ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ የሚለብሰው ሹራብ። ይመለሳል አይመለስም ብሎ የጠየቀ የለም። ኔሊዳም ለራሷ እንኳ አልጠየቀችም። ካልሲውን ግን ሦስቴ ፈትታ ሦስቴ አጥፋዋለች።

«ሬዲዮው ስላንተ ዜማ ሲያወራ ነበር» አለችው ግራ ጆሮው ላይ ተደፍታ። ቀኝ ጆሮው ከሞተ ቆይቷል። ዕድሜውን ሙሉ መድረክ ላይ ከአምፕሊፋየሩ ግራ ነበር የሚቆመው፤ ቀኙን ጆሮ ማጉያው በላው። ግራውም ቢሆን ካልተጠጉት አይሰማም። የሰማችውን ሁሉ ነገረችው። አደባባዩን ያውቀዋል፤ ድሮ ሰው በርሜል ውሃ ለመቅዳት የሚጋፋበት ሜዳ ነበር። ከዚያ «ዊልመር ዛሬ ይመጣል አላልሽኝም?» አለ። «ይምጣ። እጫወታለሁ።»

ዊልመር ታናሽ ወንድሟ ነው። ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ይነዳል፣ ጠዋት ጠዋት በሚስቱ ቤተሰብ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ሆኖ የጊታር ትምህርት እየቀረጸ ቪዲዮ ይለቃል። ጥቂት ሺህ ተከታዮች አሉት፤ ከሜክሲኮ፣ ከቦሊቪያ፣ አንዳንዴም ከየት እንደሆነ ከማይታወቅ አገር «ወንድም፣ ድምጹን እንዴት እንዲህ አጠራኸው?» እያሉ ይጽፉለታል። ደግሞም ያጠራዋል። ትምህርቱን የቀሰመው ከሌላ አገር ሰዎች ነው። ቤታቸው ምንጣፍ የተነጠፈ፣ ግድግዳቸው ስፖንጅ የተለጠፈ፣ ጎረቤት የሌላቸው የሚመስሉ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ ጊታር የሚመቱ ሰዎች። አባቱን እንዲቀርጽ ስንት ጊዜ ነገረችው፤ ሁሌ «በሚቀጥለው ሳምንት» ነበር መልሱ። አሁን አልጋው ሲገኝ መጣ። በባጃጁ ማይክ፣ የድምጽ መቅረጫ፣ የማይክ ማቆሚያና ጆሮ የሚሸፍን ማዳመጫ ጭኖ መጣ። እህትና ወንድም በር ላይ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። ለምን ሦስት ወር ሙሉ ብቅ እንዳላለ አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራት። እንዲህ ያለውን ነገር በቤታቸው በዝምታ ነው የሚያልፉት፤ ሰው ወለል ላይ የፈሰሰ ውሃ እያየ ዘሎ እንደሚያልፈው።

«ከቪዲዮው ሥር እጽፍበታለሁ» አላት፣ አምፕሊፋየሩን ከአልጋው ሥር እየጎተተ። «‹ያላለቀ ደረጃ፤ የሠራው ራሱ ሲጫወተው› ብዬ። ድምጹ ንጹሕ ከሆነ ሰው ያምናል። የቆሸሸ ቪዲዮ ማንም አያምንም።»

«አንድ ነገር ቢናገርስ?»

«ማን፣ አባዬ? ተይ እንጂ ኔሊ።»

እውነቱን ነው። በእነሱ ሙዚቃ ሰላምታ የሌለው ዘፈን የለም። ዜማው መሐል ላይ ሲደርስ ጊታሩ አንዲት አጭር ሐረግ እየደጋገመ ይጠብቃል፤ ባለማይኩም በላዩ ላይ ሰላምታውን ያወርዳል፦ ለእንትና ቤተሰብ፣ ለዚያ ሠፈር ልጆች፣ ዛሬ ለተዳረችው፣ ትናንት ለተቀበረው። ሰላምታ የተባለለት ሰው ስሙን ከማጉያው ሲሰማ ደረቱን ነፍቶ ቢራ ያወርዳል። ግን ማይኩ የባራንቴስ ነበር። ጊታር መቺ አይናገርም። ኢላሪዮ ታይፔ በዚያ ሁሉ ዘመን ማይክ ፊት ቆሞ አፉን የከፈተበት ቀን የለም፤ በገዛ ሠርጉ እንኳ አመሰግናለሁ ያለው ራሱን በመነቅነቅ ነው።

አምፕሊፋየሩ የዱሮ ነው፤ ከባድ፣ ማዕዘኑ የተላጠ፣ የፊቱ ጨርቅ በሲጋራ የተቃጠለ። ውስጡ አምፖል መሳይ መብራቶች አሉት፤ እነሱ እስኪግሉ ይጠበቃል። ሲግሉ ክፍሉን የተቃጠለ አቧራ ሸተተው። ዊልመር ተንበርክኮ ማይኩን ከጨርቁ በሁለት ጣት ርቀት ላይ ተከለ፤ ከዚያ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ አደረገው። «መሐሉ ላይ ከሆነ ይናከሳል፣ ጠርዝ ላይ ከሆነ ይታፈናል» አላት። ወዲያ ወዲህ ሲያደርገው ምላሱን በጥርሱ ይዞ ነበር፤ በልጅነቱም መርፌ ላይ ክር ሲሰካ እንዲሁ ነው። ከዚያ ብርድ ልብሶቹን ሁሉ ለመነ። የነብር ሥዕል ያለበትን የአባቷን ብርድ ልብስ፣ የራሷን፣ የእንግዳውን። በአምፕሊፋየሩና በማይኩ ዙሪያ ወንበር ደርድሮ ብርድ ልብሶቹን በላያቸው ጣለና እንደ ድንኳን ሸፈናቸው። መስኮቱንም በፍራሽ ጋረደው። «ቤቱ ውስጥ ያለውን ነገር አልፈልገውም» አለ። «ማጉያውን ብቻ።» ስልኩን ምስል እንዲያነሳ ሣጥኖች ላይ አቆመው። የስልኩ ድምጽ ለምንም አይሆንም፤ አንድ ጊዜ ያጨበጭባል፣ በጭብጨባው የማይኩን ድምጽ ከምስሉ ጋር ይገጥምና የስልኩን ይጥለዋል። ሁሌ እንዲህ ነው የሚሠራው። አባታቸው ጊታሩን ታቅፎ ይህን ሁሉ ሥራ ያይ ነበር። ብርድ ልብስ ሥር የተደበቀውን ማይክ ሲያይ «እዚያ ሆኖ ይሰማል?» ብሎ ጠየቀ። ዊልመር አውራ ጣቱን አሳየው። በአባታቸው ዘመን ሸክላ ሲቀረጽ ክፍሉ መሐል አንድ ማይክ ይቆማል፤ ከበሮውም፣ ጊታሩም፣ የሚስቀውም፣ የሚያስለውም አብሮ ይገባል። ማይክ ካለ ማይክ ነው።

ሊጀምሩ ሲሉ የጎረቤት ኮንክሪት ማቡኪያ ሚክሰር ተነሳ። ዶኛ ፕሪሲላ የሁለተኛ ፎቋን የአርማታ ጣራ የምታስሞላው ዛሬ ነው። ጠጠሩ በብረቱ ሆድ ውስጥ ሲንኳኳ የነኔሊዳ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ዊልመር ማዳመጫውን አውልቆ እህቱን አያት። ኔሊዳ ሻርፕዋን ደርባ ወጣች።

ጣራው ላይ የቀን ሠራተኞች ባልዲ በትከሻቸው ተሸክመው በጣውላው ላይ ይሮጣሉ፤ ዶኛ ፕሪሲላ ጎማ ጫማ አድርጋ ትቆጣጠራለች። የጣራው ክርስትና አባት ሆኖ በልማዱ መሠረት ቢራውን እንዲያቀርብ የተመረጠው ዘመዷ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ከቢራ ሣጥኖች አጠገብ ቆሟል።

«ጎረቤቴ፣ አንድ ዘፈን ለሚያህል ጊዜ ሚክሰሩን አስቁሚልኝ። አባቴን እየቀረጽነው ነው፤ ነገ ሐኪም ቤት ይገባል።»

«ነፍሴ፣ አርማታ እኮ እንደ ባል አይደለም፤ ቆይ ስትይው አይቆይም።»

ፎርማኑ ከወዲያ ተቀበለ። «ከቆመ ይደርቃል፣ ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ከተሰነጠቀ ስድቡ ለኔ።»

«አንተ ደግሞ» አለ የክርስትና አባቱ፣ «ሰዎቹ ጉሮሮ የላቸውም? አንድ ዙር ይጠጡና ይቀጥላሉ። ዶን ኢላሪዮ እኮ በሠርጌ ላይ ተጫውቶልኛል። ሚስቴ ትታኝ ሄዳለች፣ ሙዚቃው ግን ጥሩ ነበር።»

ሚክሰሩ ቆመ። ኔሊዳ ለምልክት ወደ ዊልመር ስልክ አንዴ ደውላ ዘጋች። አንዱ ጠርሙስና አንዱ ብርጭቆ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ፤ እሷም ጋ ሲደርስ እምቢ ማለት ነውር ነውና ጠጣች፣ አረፋውን መሬት ላይ ደፍታ ላጠገቧ ሰው አሳለፈች። ጊታሩ ጀመረ። በፍራሽና በብርድ ልብስ ታፍኖ ከማዶ ኮረብታ የሚመጣ ይመስላል። መጀመሪያ ላይ ጣቱ ትንሽ ከበደው፤ ከዚያ መንገዱን ያዘ። ሠራተኞቹ ባልዲያቸውን አስቀምጠው ያዳምጣሉ፤ አንዱ ወጣት ሲሚንቶ በለበሰ ቦት ጫማው በቦታው ይረግጣል።

«ባራንቴስ!» አለ ያ ወጣት ደስ ብሎት።

«የአባቴ ነው» አለች ኔሊዳ።

«አባትሽ ባራንቴስ ነው?»

ዜማው መሐል ላይ ሲደርስ ያቺን አጭር ሐረግ መደጋገም ጀመረ። ሸክላው ላይ ሰላምታው የሚወርድበት ቦታ ነው። ደገመ፣ ደጋገመ፣ ከምታውቀው በላይ ቆየ። መንገዱ ጠፋበት ብላ ሰጋች፤ ወይ ትንፋሽ አጠረው። ፎርማኑ ሰዓቱን ያያል። እሷ እጆቿን በሻርፕዋ ውስጥ አጣምራ፣ «ግባበት፣ አባዬ፣ ግባበት» እያለች በልቧ ትገፋዋለች። በመጨረሻ ገባበትና ዜማውን ወደ መድረሻው አወረደው። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ፤ ፎርማኑ እጁን ሳያወርድ ሚክሰሩ ተነሳ።

ስትመለስ አባቷን ላብ አጥምቆት፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ጊታሩ ላይ ተደግፎ አገኘችው። ዓይኑ እርጥብ ነበር። ፊቱ ላይ ግን ከዚህ በፊት ያላየችው ነገር አለ፤ ሸክም ያወረደ ሰው ፊት። «አልኩት» አላት። የተጫወተውን መስሏት «አዎ፣ ጥሩ አድርገህ» ብላ ደግፋ አስተኛችው፤ ባለ ነብሩን ብርድ ልብስ ከአምፕሊፋየሩ ላይ አንስታ አለበሰችው። ገና ይሞቅ ነበር።

ዊልመር ኩሽና ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ በስልኩ ይሠራል፤ ኔሊዳ ከጎኑ የዶሮውን እግር ታጥባለች። በጣም ደስ ብሎታል። «ስሚ ይቺን፣ ክሩ ላይ ጣቱ ሲፋቅ እንኳ ይሰማል። ሚክሰር የለ፣ ውሻ የለ።» ጭብጨባውን ከጭብጨባው ገጠመ፣ የስልኩን ድምጽ አጠፋ፣ የሐኪም ቤቱንና የነሐስ ጽሑፉን ነገር በአጭሩ ጽፎ ለቀቀው። ስልኩ ሞልቶ ስለነበር ዋናውን ምስል ከነድምጹ አጠፋው፤ የጠፋው የሚጠራቀምበትንም ባዶ አደረገ፤ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲወጣ ስልኩ እንዳይቆምበት ነው። ከዚያ «ነይ እይው» አላት። እጇን ጠርጋ መጣች። አባታቸው በስልኩ ውስጥ ትንሽ ሆኖ ተቀምጧል፤ ጉልበቱን ከአምፕሊፋየሩ ሣጥን ጋር አስነክቷል፤ የሚሰማው በጉልበቱ ነው። ድምጹ እውነትም ንጹሕ ነው። ዜማው መሐል ላይ ደረሰ፤ አጭሯ ሐረግ መደጋገም ጀመረች። አባታቸውም ወደ ብርድ ልብሱ ድንኳን ጎንበስ አለና አፉን ከፈተ።

ይናገራል። ቀስ ብሎ፣ እያረፈ፣ በየመሐሉ አየር እየሳበ ይናገራል። ግንባሩን ቋጥሮ ይናገራል፣ ቆም ይላል፣ እንደገና ይናገራል። እጁ ሐረጓን ሳያቋርጥ ይመታል። የሚሰማው ጊታሩ ብቻ ነው።

የሾርባው ድስት መፍላት ጀመረ፤ ማናቸውም አልተነሱም። «ምንድን ነው የሚለው?» አለች ኔሊዳ።

«አልሰማሁም።»

«አጠገቡ ነበርክ እኮ!»

«ማዳመጫውን አድርጌ ነበር። የማይኩን ብቻ ነው የምሰማው። ዓይኔም ድምጹ እንዳይዘል የመቅረጫው መርፌ ላይ ነበር።» ወደ እህቱ ዞረ። «አንቺስ?»

እሷ ጣራ ላይ ቢራ እየጠጣች ነበር። ዊልመር የማይኩን ድምጽ ብቻውን ከፍቶ መጨረሻ ድረስ ከፍ አደረገው፣ ዝቅ አደረገው፣ ወፍራሙን ቆረጠ፣ ቀጭኑን ቆረጠ፤ ማዳመጫውን አንዱን ጆሮ ለሷ አንዱን ለራሱ አድርጎ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው አዳመጡ። ጊታር። ከጊታሩ ኋላ የአምፕሊፋየሩ ሽውሽውታ። ከሽውሽውታው ኋላ ምንም። እንደዚያ እንዲሆን ብሎ ነው ብርድ ልብሱን የደረበው። የጠፋውን ምስል ፍለጋ ስልኩን ከላይ እስከ ታች አገላበጠው፤ ለሚያውቀው ሰው ደወለ፤ ሰውዬው ሳይስቅበት አልቀረም፣ «እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው። ኔሊዳ ልትሰድበው አፏን ከፍታ ነበር፤ የወንድሟን አንገት፣ ከሹራቡ በላይ የወጣውን ቀጭን አንገት ስታየው ተወችው። ተነስታ ድስቱን አወረደች።

«እጠይቀዋለሁ» አለች። «ሾርባውን ስሰጠው።»

«እንዳልተቀረጸ አትንገሪው።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጠይቀው?»

ተነስቶ ኬብሉን ሊሰበስብ ሄደ።

አባቷ አምስት ማንኪያ ያህል ጠጣና ሰሃኑን በእጁ ገፋው። ሚክሰሩ ያጓራል። ኔሊዳ ወደ ግራ ጆሮው ተጠጋች። «አባዬ፣ መሐል ላይ የተናገርከው... ምን ነበር ያልከው?»

«እዚያ ውስጥ አለ አይደል» አለ። አየር ሳበ። «ስሚው።»

«ካንተ አፍ ብሰማው ደስ ይለኛል።»

ራሱን ነቀነቀ። «በሰው ፊት ማለት ቢሆንልኝ ኖሮ...» ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀች። «ስንት ዘመን... ለማይክ ሲሆን ቀለለኝ። አንቺ ስትወጪ ጊዜ ነው ያልኩት። ሁለተኛ አልለውም፣ ልጄ። እዚያ ስሚው።» ይህን ለማለት ብቻ ከንፈሩ እንደገና ጠቆረ። ስለዚህ ጥያቄዋን ትታ ሰሃኑን አነሳች። ክፍሉን ከኩሽናው ከሚለየው መጋረጃ ማዶ ዊልመር ኬብሉን በክርኑና በመዳፉ ላይ እየጠቀለለ ቆሞ ነበር፤ ሰምቷል።

አባቷ ቪዲዮውን ማየት ፈለገ። ስልኩን ብርድ ልብሱ ላይ አቆመችለት። ጊታሩን እንኳ እንደማይሰማ ታውቃለች፤ ጣቶቹን ነው የሚያየው፣ እጁ የት ሲደርስ ዜማው የት እንደደረሰ ከማንም በላይ ያውቃል። መሐሉ ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ። በስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ አፉን ሲከፍት አልጋ ላይ ያለውም ከንፈሩን አብሮ አንቀሳቀሰ፤ ያለ ድምጽ፣ ያለ ትንፋሽ። ኔሊዳ ስልኩን ትታ የአባቷን አፍ አየች። ከንፈሮቹ ገጠሙ፣ ተላቀቁ፣ እንደገና ገጠሙ። ስም ይሆናል። የሷ ስም ሲጠራ ከንፈር አይገጥምም፤ ለራሷ ቀስ ብላ ሞከረችው። የእናቷ የፓውላ ስም ሊሆን ይችላል። የሌላ ሰውም ሊሆን ይችላል፤ የማታውቀው ሰው፣ የማታውቀው ከተማ፣ የዜማው እውነተኛ ስም። ሚክሰሩ በሌላኛው ወገን ያጓራል። ከንፈሩ ቆመ፣ ቪዲዮው አለቀ።

«ጥሩ ነው» አለ። «ሁሉም አለ።» ከዚያ «ሰው አየው?» ብሎ ጠየቀ።

አይተውታል። በርካታ ሰው አይቶታል፤ ከሥሩ አስተያየት ይወርዳል። ኔሊዳ ዓይኗን አሯሯጠችበት። ጎበዝ ሽማግሌ፣ የባራንቴስን ዜማ እንዲህ አስመስሎ የሚመታ አላየሁም። ድምጹን በምን ማይክ ነው የቀረጽከው? የኔም አያት ሠራሁት ይላል፣ የሁሉም አያት ሠርቶታል። እግዚአብሔር ጤና ይስጥዎ፣ አባት። መሐል ላይ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው፣ ይጸልያል?

«ምን ይላሉ?» አለ አባቷ።

«ሰማንህ ይላሉ።»

«ባራንቴስ ነው ያለ የለም?»

«የለም። ያንተ እንደሆነ ገባን ይላሉ።»

«እንግዲህ አወቁት» አለ። ትራሱ ላይ ተመለሰና ዓይኑን ጣራው ላይ ተከለ። ኔሊዳ ስልኩን አንስታ ልትወጣ ስትል እጇን ያዛት። እጁ ቀዝቅዟል፤ የጣቶቹ ጫፍ ክር የሠራው ቆዳ እንደ ጠጠር ደርቋል። ረጅም ጊዜ አየር ሲስብ ቆየ፤ ማለት የፈለገው ነገር ብዙ አየር የሚፈልግ መሰላት፣ ሲወጣ ግን አጭር ነበር።

«አንቺስ? አልተቆጣሽኝም?»

ወንድሟን አየችው። ዊልመር የተጠቀለለውን ኬብል ደረቱ ላይ ይዞ መጋረጃው ሥር ቆሟል። ከንፈሩን ነክሷል፤ ዓይኑ ምን ልትል ነው እያለ ይለምናታል። ወደ አባቷ ግራ ጆሮ ጎንበስ አለች።

«አልተቆጣሁም፣ አባዬ።»

«ዊልመርስ?»

«እሱም አልተቆጣም።»

አባቷ ልጁን በዓይኑ ፈለገው። ዊልመር ራሱን ወደ ታች ነቀነቀለት፣ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ያን ጊዜ እጇን ለቀቃትና ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ።

«እናታችሁም እንዲሁ ነበር ያለችው» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።